ጥርስ ያረፈበት ሰም

ጋሽ ሻማ በሕይወቱ አንድም ሻማ ሠርቶ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ደግሞ አንዴ ስም ካወጣ ይግባኝ የለም። ከቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል የሰም ሽታ ሲወጣ ይሸታቸዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር መጥተው በር ያንኳኩና "ጋሼ፣ አንድ ሁለት ሻማ አይጠፋም መቼም" ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ቆሽቱ እያረረ "እኔ ሠዓሊ ነኝ!" ብሎ በሩን ይዘጋባቸው ነበር። ነገሩን ያለዘበችው ሚስቱ ናት። ከሱቅ ሻማ እየገዛች በመሳቢያ ታስቀምጥና ለመጣው ሁሉ አንዳንድ አስይዛ ትሸኛለች። ከዚያ ወዲያ "ሻማ አልሠራም" ቢል ማን ሊያምነው?

እውነቱን ለመናገር ሠዓሊነቱም ለጎረቤቱ ግልጽ አልነበረም። ሥዕል ሲባል ሰው የሚያውቀው ቱቦ ውስጥ ያለ ቀለምና ሸራ ነው። እሱ የሚሥለው በቀለጠ ሰም ነበር። የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር ይቀልጣል፣ የቀለም ዱቄት ይገባበታል፣ ትኩስ እንዳለ በብሩሽ ተነክሮ ጣውላ ላይ ይቀባል። ብሩሹ ከድስቱ ተነስቶ ጣውላው ላይ እስኪደርስ ሰሙ መርጋት ስለሚጀምር እጅ መፍጠን አለበት። አንድ ንብብር በተቀባ ቁጥር ደግሞ በሙቅ አየር ተተኩሶ ከሥሩ ካለው ንብብር ጋር መዋሃድ አለበት፤ አለዚያ አንድ ቀን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ይወድቃል። ሙቁን አየር የሚተፋውን መሣሪያ ባልና ሚስቱ "ነፋሹ" ይሉት ነበር። እንግዳ ሰው እቤታቸው ቁጭ ብሎ "ነፋሹን አጥፊው፣ ፊቱ ሊፈስ ነው!" የሚል ጩኸት ከጓሮ ሲሰማ ደንግጦ የተነሳበት ጊዜ ሁሉ አለ።

ባልና ሚስቱ የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ብሩሹን የሚይዘው እሱ ነበር እንጂ ድብልቁን የምትሠራው እሷ ናት። ድብልቅ የሚሉት ቀለም ያልገባበትን ሰምና ሙጫ ነው። ቀለሙ የሚሸከመው በእሱ ነው፤ በመጨረሻ ደግሞ ንጹሑ ድብልቅ ብቻውን ከላይ በስሱ ሲቀባ ሥዕሉ ጥልቀት ያገኛል፣ ፊት ከሆነ ፊቱ ይተነፍሳል። ሙጫው ካነሰ ሰሙ ሳይጠነክር ይቀራል፤ ጣት ያትምበታል፣ አቧራ ይይዛል። ከበዛ ይሰነጠቃል። ለክተው እንዳይዙት ሙጫው ከጆንያ ጆንያ ይለያያል፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ አንዱ ቅባት አለው። እሷ ሚዛን አልነበራትም። ጥርስ ነበራት።

የቀለጠውን ድብልቅ በትናንሽ የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮዎች ታፈሰዋለች። ሲበርድ ገልብጣ ታወጣዋለች፤ ለዚህም ነው እቤት ውስጥ "ኬክ" የሚባለው። ከዚያ አንዱን ታነሳና ስሱን ጠርዝ በፊት ጥርሷ ንክስ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። "ይፈረፈራል" ካለች ሰም ይጨመራል። "ይለጠጣል" ካለች ሙጫ ይጨመራል። ምንም ሳትል መልሳ ካስቀመጠችው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ፍንጭት ስለነበረች ንክሻዋ መሃሉ ላይ ቀጭን ሸንተረር ይተዋል። የተነከሰው ኬክ ሁልጊዜ የሚቀልጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም፣ እንዲሁ ልማድ ሆኖ ቀረ።

"እስቲ እኔንም አስተምሪኝ" ይላት ነበር አንዳንዴ።

"አንተ ቀለምህ ላይ አተኩር። ሁሉን ከያዝከውማ እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?"

ይስቃል፤ ይተወዋል። ትቶትም ደስ ይለው ነበር። እሷ እያለች ለምን ይማር? ሰው ሲባል እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ሥር ያለው ነገር ዘላለም እዚያው የሚኖር ይመስለዋል።

ምን ዓይነት ጊዜ ነበር! ጠዋት ጠዋት እሷ ቀድማ ትገባና መስኮቱን ከፍታ ምድጃውን ትለኩሳለች። እሱ ፊቱን ታጥቦ ሲደርስ ክፍሏ የማር ሽታ ይዛ ትጠብቀዋለች። እሷ ከወገቧ በታች በሰም ጠብታ የደረቀ ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ድስቱ አጠገብ ትቆማለች። ሬዲዮው በሌላ ሰው ጉዳይ ይጨቃጨቃል፤ እነሱም በራሳቸው። እሱ "ሰማያዊው ቀዘቀዘ" ይላል፤ እሷ "የቀዘቀዝከው አንተ ነህ" ትላለች። ሴት ልጃቸው ትንሽ ሆና ወለሉ ላይ የወዳደቀ ሰም እየለቀመች ድመትና ውሻ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ስሙን አምና ከነዚያ ኬኮች አንዱን ግማሽ ድረስ በላችው። እናቷ ጀርባዋን እየደበደበች፣ እሱ ስኒ ውሃ ይዞ እየዞረ፣ ቤቱ ድብልቅልቁ ወጣ። ልጅቷ ግን ምንም አልሆነችም፤ "ስኳር ረስታችኋል" ብላ አረፈችው።

ሚስቱ የታመመች ጊዜ ነው የእሷን ፊት መሣል የጀመረው። ያን ሁሉ ዘመን የስንቱን ፊት ሲሥል እሷን አንድ ቀን ሥሏት አያውቅም። ቀና ባለ ቁጥር ድስቱ አጠገብ ስለሚያገኛት ሥዕሏ ጎድሎት አያውቅም። አሁን ግን ቆማ መዋል አቃታትና መስኮቱ ሥር ወንበር አስገቡላት። እዚያ ተቀምጣ፣ ድስቱን ከፊቷ አስጠግቶላት፣ ለገዛ ሥዕሏ የሚሆነውን ድብልቅ ራሷ ሠራች። ነከሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ምንም ሳትል አስቀመጠችው።

ሥዕሉ እየሄደ ሳለ እሷ እየደከመች መጣች። ከአልጋ መነሳት ካቆመች በኋላ አንድ ከሰዓት እጁን ይዛ፣ "እንግዲህ ግማሽ ፊት አድርገህ እንዳትተወኝ" አለችው። የምትቀልድ መስሎት "ማን፣ እኔ?" ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ፊቷ ተሥሎ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀረው ከላይ የሚቀባው ንጹሕ ድብልቅ ብቻ ነበር። እሱ ሳይቀባ ግን ፊቱ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ነው፣ ግን ከጭጋግ ወዲያ ያለ ሰው። እሷ ከተቀበረች በኋላ ወደ ክፍሏ ሲመለስ ከሠራችው ድብልቅ የተረፈው አንድ ኬክ ብቻ ሆኖ አገኘው። የተነከሰው።

ያንን ኬክ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ንክሻውን ያያል፤ ሸንተረሩን ያያል። ፎቶዎቿ ውስጥ አፏን ገጥማ ነው የምትነሳው፤ ፍንጭቷ ያለው እዚህ ኬክ ላይ ብቻ ነው። እንዴት ብሎ እሳት ላይ ይጣደው?

ስለዚህ ድብልቅ ራሱ ሊሠራ ተነሳ። የመጀመሪያው አልጠነክር አለ፤ ፊቷ ላይ አቧራ ተለጠፈ። አሙቆ በመፋቂያ አነሳው። ብዙ ጊዜ አሳልፎ ሁለተኛውን ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተሰነጠቀ። አሁንም ፋቀው። በተፋቀ ቁጥር ግን ከላይ ያለው ብቻ አይነሳም፤ ከሥሩ ያለውም ትንሽ ትንሽ አብሮ ይሄዳል። ጉንጯ እየሳሳ መጣ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢሳሳትና ቢፍቅ ጣውላው ብቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ፊት የሚባል ነገር አይኖርም። ጋሽ ሻማ ይህን ካወቀ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሆነ፤ በየቀኑ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ብሩሽ ያጥባል፣ ይወጣል።

ልጁ የመጣችው በእረፍት ቀኗ ነው። ጥርስ ሕክምና ቤት ውስጥ ከጀርባ ባለች ክፍል መጀመሪያ በሰም እየቀረጸች ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ሴት ናት። እሱ "ሐኪሟ" እያለ ይጠራታል፤ እሷ ሐኪም እንዳልሆነች ስንቴ ነግራዋለች። እሱ አፍ ውስጥ ያሉትንም ጥርሶች የሠራችለት እሷ ናት። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ አባቷን አገኘችው፤ አዲስ ያፈሰሰውን ኬክ በሁለት እጁ ይዞ በእነዚያው ጥርሶች እየገዘገዘ ነበር።

"አባባ! ምን እየሠራህ ነው?"

"እየለካሁ።"

"በኔ ጥርስ?"

"በኔ ጥርስ እንጂ። ከሰጠሽኝ በኋላ የኔ ነው።"

"የሠራሁልህ ዳቦ እንድታኝክበት ነው። እሱ ምኑን ይነግርሃል? ድንጋይ ብትነክስበት ከዳቦ አይለየውም።"

"እሱንማ አየሁት" አለና ኬኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ምንም አይሰማኝም። እናትሽ ዓይኗን ጨፍና የምትሰማውን ነገር እኔ ዓይኔን አፍጥጬም አልሰማው አልኩ።"

ልጅቷ ሥዕሉ ፊት ሄዳ ቆመች። ከመጣች ሰንብታ ስለነበር የሆነውን አላየችም። ጣቷን ወደ ጉንጩ አስጠጋችና ሳትነካው መለሰችው።

"ሳስታለች" አለች ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ። ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅድልኝ። ከተበላሸ በቃ፣ ፊቷ ሄደ።"

"ታዲያ የእማዬ ኬክ እያለ? ለአንድ ንብብር መቼም ይበቃል።"

ጋሽ ሻማ እንደተወጋ ሰው ብድግ አለ። "እሱን እንዳትነኪው! እሱ ላይ እሷ አለች።"

"ሥዕሉ ላይስ?"

ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ልጅቷ ጠበቀችው፤ አባቷ መናገር የሚፈልገው ነገር ሲኖር መጀመሪያ ጉልበቱን እንደሚያሽ ታውቃለች። አሸው።

"እውነቱን ልንገርሽ? ድብልቁ ብቻ አይደለም። ካልጨረስኩት የምትጠብቀኝ ይመስለኛል። 'አሁንም አልጨረስክም? እጅህ ምን ነካው?' የምትለኝ ይመስለኛል። የጨረስኩ ቀን ግን ማን ይጠብቀኛል?"

ልጅቷም የእናቷ ልጅ ናትና እንባ ከመምጣቱ በፊት እጅጌዋን ሰበሰበች። "እሺ፣ ድብልቁን እንሥራና መጨረሱን በኋላ ታስብበታለህ። አምጣ እስቲ፣ እኔ ልንከሰው። ቢያንስ የኔ ጥርስ የራሴ ነው።"

አዲሱን ኬክ አንስታ ነከሰች። ዓይኗን ጨፈነች። እናቷን ለመሆን ስትሞክር አይቶ አባቷ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

"እህስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ሰም ነው። ጠንካራ ነው ልበል፣ ለስላሳ ነው? ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ስህተቱን እንዴት ልወቀው?"

ይህን እንዳለች ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ብርጭቆ ሄደ። የአባቷም ዓይን ተከትሏት ሄደ።

"እንዳታስቢው" አለ።

"በጣም ቀስ ብዬ። ከእሷ ንክሻ ጎን። ምልክት እንኳ አልተውም፣ ጥርሴን ማሳረፍ ብቻ ነው። አባባ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ከሰምና ከጥርስ ጋር እኮ ነው የምውለው።"

ጋሽ ሻማን ክርክሩ አላሳመነውም፤ የሥዕሉ ጉንጭ ነው ያሳመነው። ብርጭቆውን ራሱ አወረደ፣ ኬኩን ራሱ አወጣ፣ እፍ እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈና በመዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላት። ኬኩ እንደ ሁሉም ኬኮች በአንድ በኩል ወፈር፣ በአንድ በኩል ሳሳ ያለ ነበር፤ የሚፈስሱበት ጠረጴዛ ዘመም ያለ ነው። የሚነከሰው በስሱ በኩል ነው፤ ስሱ ጠርዝ ላይ ደግሞ እናቷ ቀድማለች። ልጅቷ ጥርሷን ከእናቷ ጥርስ አጠገብ አሳረፈች።

ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ሰሙ ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ደርቆ መክረሙን ነው። ቀጭ አለ። ስሱ ጠርዝ ከነንክሻው፣ ከነሸንተረሩ ተገንጥሎ ልጅቷ አፍ ውስጥ ገባ።

"ትፊው!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ሻማ።

ጩኸቱ ነው ጉድ ያፈላው። ልጅቷ ክው አለች፤ ክው ስትል ዋጠችው።

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች። አባቷ እጁ ላይ የቀረውን አየ፤ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ሰም ነው፣ ምንም የለበትም።

"ዋጥሽው?"

ራሷን ነቀነቀች።

"ሁሉንም?"

አሁንም ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አባባ፣ ይቅር በለኝ። ሳላስበው... ስትጮህብኝ..."

ጋሽ ሻማ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው እስከ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሳቅ ሆኖ ወጣ። "ያኔም አንቺ!" አለ፣ "አሁንም አንቺ! አሮጊት ልትሆኚ ነው እኮ፣ ዛሬም ኬክ ትበያለሽ?" ሳቁ አላቆም ብሎት የሠራችለት ጥርስ ከቦታው ተነሳ፤ በእጁ ደግፎ እየመለሰ ሳቀ። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያች ክፍል ውስጥ ማንም እንዲያ ስቆ አያውቅም።

"ለመሆኑ" አለ ትንፋሹ ሲመለስለት ዓይኑን እየጠረገ፣ "ገባሽ? ምን ይመስላል?"

"ምኑ?"

"የእናትሽ ድብልቅ ነዋ። ስትነክሺው ምን አለሽ?"

ልጅቷ አፈረች። "ከድንጋጤ የተነሳ ምንም አልሰማሁም።"

ጋሽ ሻማ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ የሄደው ሄደ። ሚስቱ የምታውቀውን ነገር ይዛው ነው የሄደችው፤ ሊያገኘው አይችልም፤ ለልጁም የሚያወርሳት የለም። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸሽ ኖሮ አሁን ሲያየው እንደፈራው አላስፈራውም። ያዘነው ግን እንደፈራው ያህል ነው። በእጁ የቀረውን ሰም ገልበጥ አድርጎ አየው። ከእንግዲህ የሚጠብቀው ነገር የለበትም። ሰም ነው። እሷ የሠራችው የመጨረሻ ሰም፣ ለገዛ ፊቷ ብላ የሠራችው።

"ምድጃውን ለኩሺው" አላት።

ልጅቷ ለኮሰችው። ኬኩን ራሱ ጨመረው። ከዳር ዳር ለዘበ፣ ተንሳፈፈ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ ብቻ ሆነ። የማር ሽታው ክፍሏን ሲሞላት ጋሽ ሻማ ሚስቱ በጣም ናፈቀችው። እስከዛሬም ናፍቃዋለች፤ ግን እስከዛሬ የናፈቀችው ሥራ ፈትቶ ነበር፣ አሁን ብሩሽ ይዞ ናፈቀችው፤ ይሄኛው አብረው የሚሠሩበት የዚያ ዘመን ናፍቆት ነው።

እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም ለቅብ እሱን የሚያህል የለም። ከግንባሯ ጀመረ፤ አንድ ጊዜ በሰፊው፣ ሳይመለስ። በጉንጯ ላይ፣ በሳሳው ቦታ ላይ፣ ብሩሹን ሳያስጨንቅ አሳለፈ። አፏ፣ አገጯ፣ አንገቷ። ድስቱ ተሟጠጠ፤ በልክ ነበር፣ ለሌላ የሚተርፍ አልነበረም። ሰሙ እንደተቀባ ነጭ ሆኖ ረጋና ፊቷን ጨርሶ ሸፈነው።

"ነፋሹን ያዢ" አላት።

"እኔ?"

"የኔን እጅ አታዪውም እንዴ? ቀኑን ሙሉ ሰም በእሳት የምታለሰልሺው አንቺ አይደለሽም? ብቻ ቆመሽ እንዳታሞቂ። አንድ ቦታ ከቆየሽ ዓይኗ ይፈሳል።"

ልጅቷ ነፋሹን ከፈተች። እሱ ከጀርባዋ ቆሞ "ራቅ... አሁን ቀረብ... ወደ ጆሮዋ... ጉንጩን በሩቁ፣ በሩቁ... አሁን ሂጂ፣ ሂጂ..." እያለ መራት። ነጩ ሰም ሙቀት ባገኘ ቁጥር እንደ መስተዋት እየጠራ መጣ። መጀመሪያ ግንባሯ ወጣ። ቀጥሎ ቅንድቧ። ጉንጯ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ንቅንቅ አለ፣ ሊሄድ ሊሄድ አለና ባለበት ቀረ። በመጨረሻ አፏ ጠራ፣ እንደ ፎቶዎቿ የተገጠመ፣ ግን ጥግ ጥጉ ላይ ሊናገር የተነሳ።

"አጥፊው!"

አጠፋችው። ድምፁ ሲቆም ከወዲያ ያለው የጎረቤት ግቢ ተሰማ፤ ሰው ልብስ ያጥባል፣ ባልዲ ይንኳኳል። ሚስቱ ከጣውላው ላይ ታየዋለች። ሰሙ ገና ስላልረጋ ፊቷ እርጥብ ነበር፤ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ላብ የሚያወዛትን ያህል።

ጋሽ ሻማ ሚስቱ የተቀበረች ቀን አላለቀሰም። ሰው በዝቶ ነበር፤ ማን ተቀመጠ ማን ቆመ ሲል ዋለ። ከዚያ በኋላም አላለቀሰም፤ ያልጨረሰው ሥራ ነበረው። አሁን ግን ወደ ጣውላው ጠጋ ብሎ፣ በፊት ለፊቷ፣ ሰው ለሰው እንደሚናገር፣ "ጨረስኩልሽ" አላት። ከዚያ ደረቱን ይዞ፣ ድሮ ማልቀስ የነበረበትን ሁሉ አለቀሰ።

ልጅቷ "ይብቃህ" አላለችውም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ሰሙ እስኪበርድ ድረስ አብራው አለቀሰች።